የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ፉል ኤችዲ ወይስ 4ኬ?

ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከወልድያ፣ ከሐይቅና ከባቲ የደረሱን አምስት ደብዳቤዎች የቴሌቪዥን ስክሪን የምስል ጥራትን የሚመለከቱ ስለሆኑ በአንድነት አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ ለአዲሱ ቤታችን ቴሌቪዥን ልንገዛ ነው። ባለቤቴ 43 ኢንች ፉል ኤችዲ ይበቃናል ይላል፤ እኔ ደግሞ የልጆቹን ወሬ ሰምቼ 4ኬ ይሁን አልኩ። ፒያሳ ያነጋገርነው ነጋዴ «አብሽሪ እህቴ፣ 4ኬውን ውሰጂ፤ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው» አለኝ። የዋጋውም ልዩነት ቀላል አይደለም። ከሶፋችን እስከ ቴሌቪዥኑ ግድግዳ ሦስት ሜትር ያህል ይሆናል። ምን ትመክሩናላችሁ? — መምህርት፣ ከደሴ

መልስ፦ ነጋዴው ልክ የሚሆነው ሱቁ ውስጥ ቆመው ስክሪኑን በክንድ ርቀት ሲያዩት ብቻ ነው። እርስዎ ግን የሚያዩት ከሦስት ሜትር ነውና ከቁጥሮቹ እንነሣ።

የቴሌቪዥን ምስል የሚሠራው ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች ሲሆን፣ ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር እነዚህ ነጥቦች በአግድምና በቁመት ስንት እንደ ሆኑ የሚናገር ነው። ተራው ኤችዲ 1280 በ720 ነው፤ በአብዛኞቹ 32 ኢንች ቴሌቪዥኖች ላይ የምናገኘው ደግሞ ከዚያ ጥቂት ከፍ የሚለው 1366 በ768 ነው። ፉል ኤችዲ 1920 በ1080 ሲሆን ሁለት ሚሊዮን ያህል ነጥብ ይይዛል። 4ኬ የሚባለው 3840 በ2160 ስለሆነ በሁለቱም አቅጣጫ እጥፍ፣ በጠቅላላው የነጥብ ብዛት ደግሞ የፉል ኤችዲ አራት እጥፍ፣ ማለትም ከስምንት ሚሊዮን በላይ ይሆናል። ነጋዴዎች «አራት እጥፍ ጥራት» የሚሉት ከዚህ ተነሥተው ነው፤ የነጥቡ ብዛት አራት እጥፍ መሆኑ እውነት ነው፣ ዓይን የሚያገኘው ጥቅም ግን በርቀት የሚወሰን ነው።

ጤናማ ዓይን ሁለት ነጥቦችን ለያይቶ የሚያየው በመካከላቸው ቢያንስ የአንድ ዲግሪ ስድሳኛ ያህል ማዕዘን ሲኖር እንደ ሆነ በስሌት ይወሰዳል። ይህ በሦስት ሜትር ርቀት ሲሰላ ዘጠኝ አሥረኛ ሚሊሜትር ገደማ ይመጣል። የ43 ኢንች ስክሪን ስፋቱ 95 ሴንቲሜትር ያህል ስለሆነ፣ ለ1920 ነጥብ ሲካፈል የፉል ኤችዲው እያንዳንዱ ነጥብ ግማሽ ሚሊሜትር ነው፤ የ4ኬው ደግሞ ሩብ ሚሊሜትር። ሁለቱም ዓይንዎ ከሶፋው ላይ ሊለየው ከሚችለው ያነሱ ናቸው። የመሶብ ስፌት ከበር ላይ ሆነው ሲያዩት ሐረጉ እንጂ ስንጥሩ እንደማይታይ ማለት ነው። በዚህ ስክሪን ላይ 4ኬ ከፉል ኤችዲ ተለይቶ መታየት የሚጀምረው ከ1 ሜትር ከ70 ሴንቲሜትር ወዲህ ሲቀርቡ ነው፤ ሳሎን ውስጥ እንዲህ የሚቀርብ ደግሞ ምንጣፍ ላይ የሚቀመጥ ልጅ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ወደ ስክሪኑ የሚገባው ምስል ነው። በዲሽ የምናያቸው የአገራችን ጣቢያዎች ከኤችዲ አይበልጡም፤ በመደበኛው ጥራት ብቻ የሚያሰራጩም አሉ። 4ኬ ቴሌቪዥን ይህን ምስል ሲቀበል የጎደሉትን ነጥቦች በግምት ሞልቶ ያሳያል እንጂ ያልተላከለትን ዝርዝር ከየትም ሊያመጣ አይችልም። እውነተኛ የ4ኬ ምስል በብዛት የሚገኘው ከኢንተርኔት ነው፤ እሱም ዳታ ይበላል። ኔትፍሊክስ ራሱ በሚሰጠው መረጃ መሠረት አንድ ሰዓት በ4ኬ ማየት እስከ 7 ጊጋባይት፣ በኤችዲ ደግሞ እስከ 3 ጊጋባይት ይወስዳል። በሞባይል ዳታ ለሚጠቀም ቤተሰብ ይህን ማስላት የሳሎኑን ርቀት ከመለካት አያንስም።

ስለዚህ በዚህ ክርክር ባለቤትዎ ረትተዋል። አንድ ነገር ግን ልጨምር፦ ትርፍ ገንዘብ ካላችሁ በ43 ኢንች ላይ 4ኬ ከመግዛት ይልቅ መጠኑን ወደ 50 ወይም 55 ኢንች ማሳደግ በሦስት ሜትር ርቀት ይበልጥ የሚታይ ለውጥ ያመጣል። በእነዚያ መጠኖች ገበያ ላይ የሚገኙት አብዛኞቹ ቴሌቪዥኖች 4ኬ ስለሆኑ የእርስዎም ምኞት አብሮ ይፈጸማል። ካርቶኑ ላይ ኤችዲአር የሚል ካገኛችሁ ደግሞ የሚናገረው ስለ ነጥብ ብዛት ሳይሆን ስለ ብርሃንና ቀለም ስፋት ነው። ደህና አድርጎ የተሠራ ኤችዲአር ከየትኛውም ርቀት ይታያል፤ በርካሾቹ ላይ ግን የስክሪኑ ብርሃን ስለማይበቃ ጽሑፍ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ክቡር አዘጋጅ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ደመወዝ አጠራቅሜ 43 ኢንች ፉል ኤችዲ ቴሌቪዥን ገዛሁ። የዱሮውን ሪሲቨር ዲሽ የሚሠራው ልጅ አገናኝቶልኝ ሄደ። ምስሉ ግን ደብዛዛ ነው፤ የሰው ፊት ጠፍጠፍ ብሎ ይታያል፣ ከሥር የሚያልፈውም ጽሑፍ ጠርዙ ይንቀጠቀጣል። ከኋላው ወፈር ያለው አሮጌው ቴሌቪዥናችን ከዚህ የተሻለ ያሳይ ነበር። ተታልዬ ይሆን? — የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ የተታለሉ አይመስለኝም፤ ይህ ቅሬታ አዲስ ቴሌቪዥን በገባባቸው ብዙ ቤቶች የሚሰማ ነው። እባክዎ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ሄደው ከሪሲቨሩ የመጣውን ገመድ ይመልከቱ። ጫፉ ላይ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ሦስት ክብ መሰኪያዎች ካሉት ችግሩን አገኙት ማለት ነው። ምስሉን የሚያመጣው ቢጫው ብቻ ሲሆን፣ እሱም የተሠራው ለዱሮው ቴሌቪዥን ነው፤ ከ576 መስመር በላይ የሆነ ምስል በዚያ ገመድ አያልፍም፣ ቀለሙና ብርሃኑም በአንድ ሽቦ ተቀላቅለው ስለሚመጡ የጽሑፍ ጠርዝ የሚንቀጠቀጠው በዚሁ ምክንያት ነው። አሮጌው ቴሌቪዥን ትንሽ ስለነበረ ጉድለቱን ይሸሽገው ነበር፤ ትልቁ ስክሪን ግን ያንኑ ጉድለት አጉልቶ ያሳየዋል።

መፍትሔው ጠፍጣፋ ጫፍ ያለው የኤችዲኤምአይ ገመድ ነው። ሪሲቨርዎ ከኋላው የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ካለው ገመዱን ብቻ ይግዙ፤ ለፉል ኤችዲ ተራው ገመድ ይበቃል፣ በወርቅ ተለብጧል እየተባለ በብዙ እጥፍ የሚሸጠው ምስሉን የተሻለ አያደርገውም። ገመዱን ከቀየሩ በኋላ በሪሲቨሩ ሜኑ ውስጥ ገብተው የቪዲዮ ውጤቱ 1080 ላይ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ብዙ ሪሲቨሮች 576 ላይ እንደ ተቀመጡ ይቆያሉና ገመዱ ተቀይሮ ምስሉ ያልተሻሻለበት ሰው በአብዛኛው ይህን የረሳ ነው። ሰዎች በአግድም የወፈሩ ከመሰሉ ደግሞ አራት ለሦስት የሆነ ምስል በግድ ተለጥጧል ማለት ስለሆነ የስክሪን ቅርጹን ወደ «ኦቶ» ይመልሱት።

ሪሲቨሩ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ የሌለው በጣም የቆየ ከሆነ ግን መቀየሩ ይሻላል። እንዲህ ያሉት የኤችዲ ጣቢያዎች የሚላኩበትን የኤምፔግ 4 አሠራር ስለማያውቁ ጣቢያው በዝርዝሩ ቢመጣ እንኳ ድምፅ ብቻ ይሰማል፣ ወይም ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። አዲስ ሲገዙ ኤምፔግ 4 እና ዲቪቢ ኤስ 2 የሚል ይፈልጉ። በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ያለውን ኢትዮሳትን የሚያዩ ከሆነም ያው መስፈርት ይሠራል። ይህ ሁሉ ተደርጎ አንዳንድ ጣቢያዎች አሁንም ቢደበዝዙ ጉድለቱ ከጣቢያው ነው፤ ያን ጊዜ በቴሌቪዥኑ ሜኑ ውስጥ «ሻርፕነስ» የሚለውን ዝቅ ያድርጉት። ብዙዎች ከፍ በማድረግ ሊያጠሩት ይሞክራሉ፤ የሚያተርፉት ግን በእያንዳንዱ ፊት ዙሪያ ነጭ መስመር ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ሻይ ቤቴ ውስጥ ኳስ ለማሳየት 65 ኢንች 4ኬ ልግዛ ብዬ አስቤያለሁ። ቤቱ ረጅም ነው፤ የኋላው ደንበኛ ከስክሪኑ ስድስት ሜትር ይርቃል። 1080ፒ እና 1080አይ የሚባሉትስ ምንና ምን ናቸው? — የሻይ ቤት ባለቤት፣ ከወልድያ

መልስ፦ ከኋለኛው ጥያቄ ልጀምር። «ፒ» ማለት እያንዳንዱ ምስል ከላይ እስከ ታች በአንድ ጊዜ ሙሉውን ይቀርባል ማለት ነው። «አይ» ሲሆን ግን መጀመሪያ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው መስመሮች፣ ቀጥሎ ሙሉ ቁጥር ያላቸው ይላካሉ፤ ቴሌቪዥኑ ሁለቱን አጋጥሞ ያሳያል። በዲሽ የሚመጡ የኤችዲ ስፖርት ጣቢያዎች በብዛት የሚጠቀሙት ይህን 1080አይ ነው። ቴሌቪዥኑ የማጋጠሙን ሥራ በደንብ ካልሠራ፣ ኳሷ በፍጥነት ስትሄድ ጠርዟ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተሸንሽኖ ይታያል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ የሚያሳዩዎትን የተፈጥሮ ፊልም ትተው ኳስ ያለበትን ጣቢያ እንዲከፍቱልዎ ይጠይቁ፤ ቀስ ብሎ የሚንቀሳቀስ አበባና ፏፏቴ በማናቸውም ስክሪን ላይ ያምራል።

ስለ 4ኬው፦ በ65 ኢንች ላይ 4ኬ ከፉል ኤችዲ የሚለየው ከ2 ሜትር ተኩል ገደማ ወዲህ ለተቀመጠ ሰው ነው። ከአምስት ሜትር በላይ ለሚቀመጠው ደንበኛ ግን 4ኬውም ፉል ኤችዲውም ይመሳሰሉበታል፤ ለእሱ የሚጠቅመው የስክሪኑ ትልቅነትና ብርሃን ነው። ለሻይ ቤት ከነጥብ ብዛት የሚበልጥ ሌላም ነገር አለ። ደንበኞችዎ የሚቀመጡት ፊት ለፊት ብቻ ሳይሆን በግራና በቀኝም ስለሆነ፣ ከጎን ሲያዩት ቀለሙ የማይገረጣ ስክሪን ያስፈልግዎታል። አይፒኤስ የሚባለው የፓነል ዓይነት በዚህ ይሻላል፤ ቪኤ የሚባለው ጥቁሩን አጥቁሮ ቢያሳይም ከጎን ይገረጣል። ስሙን መጠየቅ ቢያስቸግርዎ ሱቁ ውስጥ ወደ ጎን ሄደው በዓይንዎ ይመልከቱ። በር ፊት ለፊት ከሰቀሉት ደግሞ የቀን ብርሃን ምስሉን ስለሚያጠፋው ቦታውን አስቀድመው ይምረጡ።

ጥያቄ፦ 8ኬ የሚባል መጥቷል አሉ። ልጠብቀው? — ከሐይቅ

መልስ፦ አይጠብቁት። 8ኬ 7680 በ4320፣ ማለትም ከ33 ሚሊዮን በላይ ነጥብ ነው። በዚያ ጥራት የሚያሰራጭ ጣቢያ በቤትዎ ዲሽ አያገኙም፤ ዋጋውም የሚታሰብ አይደለም።

ጥያቄ፦ ካርቶኑ ላይ 4ኬ የተጻፈበት 32 ኢንች ቴሌቪዥን በርካሽ አግኝቻለሁ። ሻጩ ኦሪጅናል ነው ብሎ ይምላል። ልመነው? — ነጋዴ፣ ከባቲ

መልስ፦ ሻጩን ሳይሆን ስክሪኑን ይጠይቁ። በ32 ኢንች መጠን የሚሸጡ ቴሌቪዥኖች ፓነላቸው በአብዛኛው 1366 በ768፣ አልፎ አልፎ ፉል ኤችዲ ነው፤ በዚህ መጠን እውነተኛ 4ኬ ቴሌቪዥን ገበያ ላይ የለም ማለት ይቻላል። ካርቶኑ ግን ሙሉ በሙሉ ዋሽቷል ላይባል ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ከቁጥሩ አጠገብ በደቃቅ ፊደል «ይቀበላል» ወይም «ያጫውታል» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ቃል ይገኛል። ይህም ማለት ቴሌቪዥኑ የ4ኬ ፋይል ከፍላሽ ሲሰጠው ሳይከለክል ተቀብሎ፣ ወደ ራሱ አነስተኛ ነጥብ ጨፍልቆ ያሳያል ማለት ነው። መፈለግ ያለብዎ ከፓነሉ ወይም ከስክሪኑ ስም ጋር የተጻፈውን ቁጥር ነው። በጀርባው ተለጣፊ ላይ ያለውን የሞዴል ቁጥር በስልክዎ በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ መፈለግም ይቻላል፤ ሞዴሉ እዚያ ጭራሽ ከሌለ የምርት ስሙ ራሱ የተለጠፈ ሊሆን ስለሚችል ይጠንቀቁ።

ላፕቶፕ ያለው ሰው ይዘው መሄድ ከቻሉ ግን ክርክሩ በቶሎ ያልቃል። አስቀድመው 1920 በ1080 በሆነ ምስል ላይ አንድ ነጥብ ጥቁር፣ አንድ ነጥብ ነጭ እያፈራረቁ ቀጥ ያሉ መስመሮች የተሠሩበት ሥዕል ያዘጋጁ። ላፕቶፑን በኤችዲኤምአይ አገናኝተው በ1920 በ1080 ያስተካክሉት፣ ቴሌቪዥኑም ጠርዝ ሳይቆርጥ ሙሉውን እንዲያሳይ ካደረጉ በኋላ ሥዕሉን ስክሪኑን ሞልቶ ይክፈቱት። በፉል ኤችዲ ፓነል ላይ ቀርበው ሲያዩ እያንዳንዱ መስመር ለብቻው ጥርት ብሎ ይቆማል፤ በ768ቱ ላይ ግን ሰፋፊ ግራጫ ዥጉርጉር ይፈጠራል። እውነተኛ 768 ሆኖ ከተገኘም ለመኝታ ቤት የሚጠላ አይደለም፤ በ32 ኢንች ከ1 ሜትር ከ80 ሴንቲሜትር ወዲያ ነጥቦቹ አይታዩም። ዋጋውን ግን በ4ኬ ሳይሆን በተራ ኤችዲ ሒሳብ ይከራከሩ፤ ሻጩ ላፕቶፑን አላሰካም ካለም ወደሚቀጥለው ሱቅ ይሂዱ።