ስሜት ይጨቆናል ወይስ ይታፈናል?

ጥያቄ፦ «ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። በሰፈራችን ጤና ጣቢያ በበጎ ፈቃድ አገለግላለሁ። ስለ አእምሮ ጤና በሚታደል አንድ በራሪ ወረቀት ላይ ‹ስሜትዎን አይጨቁኑ› የሚል ተጽፏል። ለእናቶች ሳነብላቸው አንዷ ‹ማንን ነው የጨቆንነው?› ብለው ጠየቁኝ። መልስ አጣሁ። ስሜት ይጨቆናል ወይስ ይታፈናል? የጭቆናና የአፈና ልዩነትስ ምንድን ነው?»

መልስ፦ የእናትየዋ ጥያቄ ራሱ መልስ ነው። «ጨቆነ» የሚለው ግስ ሰው ይፈልጋል። ከላይ ጨቋኝ፣ ከታች ተጨቋኝ ያስፈልገዋል። ባል ሚስቱን ይጨቁናል። አሠሪ የቤት ሠራተኛዋን ትጨቁናለች። መንግሥት ሕዝቡን ይጨቁናል። ለአንድ ቀን የተፈጸመ በደል ደግሞ ጭቆና አይባልም። ውሎ ያደረና እንደ ደንብ የተያዘ ሲሆን ነው ጭቆና የሚባለው። ንዴት፣ ሐዘን፣ ናፍቆት ግን ሰው አይደሉምና አይጨቆኑም። ስለዚህ «ስሜትዎን አይጨቁኑ» የሚለው ወረቀት ላይ ሲያዩት ቢያምርም፣ ሰው በአፉ የሚናገረው አማርኛ አይደለም።

እኔን ከሰዋስው ስሕተቱ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ዝም ያለች ሴት ብዙ ጊዜ ዝም ያሰኛት ሰው አለ። «ስሜትሽን ጨቆንሽ» ስንላት ጨቋኟ ራሷ ሆነች ማለት ነው። ዝም ያሰኛት ሰው ደግሞ ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ሹልክ ብሎ ወጣ።

«አፈነ» ሌላ ነው። መተንፈሻ ማሳጣት ነው። ጭስ ያፍናል። መስኮት የሌለው ክፍል ያፍናል። ከአፍ ሊወጣ የነበረ ነገርም ይታፈናል፤ ሳቅ፣ ሳል፣ ለቅሶ፣ ጩኸት። ይህን ግስ እንደ ከሰል አክሳዮች አጥብቆ የሚያውቀው ያለ አይመስለኝም። ከአዲስ አበባ ወጣ ሲሉ፣ ባሕር ዛፍ በበዛበት አካባቢ፣ እንጨቱ ተቆርጦ ይከመራል። በቅጠልና በሣር ይሸፈናል። ከዚያ አፈር ይለብሳል። በአንድ በኩል እሳት ይገባለታል፣ ለጭሱ ትንንሽ ቀዳዳ ብቻ ይተውለታል። አክሳዩ ሌሊት ሳይቀር ይጠብቀዋል። አፈሩ ተሰንጥቆ አየር ከገባ እንጨቱ ቦግ ብሎ ይነድና አመድ ይሆናል። በደንብ ከታፈነ ግን ነበልባል ሳያሳይ ውስጥ ውስጡን ያርራል። «አንጀቴ አረረ» የሚል ሰው የሚያወራው ይህንኑ ነው። የታፈነ ነገር ከውጭ የጠፋ ቢመስልም አልጠፋም።

«አመቀ» ደግሞ ጨምቆ መጠቅጠቅ ነው። ጥጥ በጆንያ ይታመቃል። ጎማ ቤት ያለው ኮምፕሬሰር ውስጥ የታመቀ አየር አለ። ለዓመታት ስለቆየ ሐዘንና ብሶት ስናወራ ከ«አፈነ» ይልቅ ይህ ቃል ይመቸኛል፣ መጠራቀሙንም ጭምር ይናገራልና። «እምቅ ችሎታ» የምንለውም ከዚሁ ግስ የወጣ ነው።

ሌሎችም አሉ። እንባ ይዋጣል። ንዴትንም ዋጥ ያደርጉታል። ቂም ይቋጠራል። ይህ ሁሉ የሚከማችበት ቦታ ደግሞ በአማርኛ አንድ ነው፤ ሆድ። «የሆዴን በሆዴ ይዤ»፣ «ሆድ ይፍጀው» እንላለን። ስለዚህ ወረቀቱን «በሆድዎ አምቀው አይያዙት፤ ለሚያምኑት ሰው ይተንፍሱ» ብለው ቢያነቡላቸው እናቶቹ ወዲያው ይግባባሉ።

«ይተንፍሱ» ያልኩት በምክንያት ነው። የአፈና ተቃራኒው መተንፈስ ነው። ስንቶቻችን ነን «ትንፍሽ እንዳትል!» እየተባልን ያደግነው? ወንዱ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ይባላል። ሴቷ «ሴት በማጀት፣ ወንድ በችሎት» ይባልላታል። «ዝም አይነቅዝም» ደግሞ ለሁለቱም ይነገራቸዋል። ዛሬም እነዚህን አባባሎች ልጆች ፊት ስንደግማቸው እንሰማለን። ተረት ነው ብለን የምናልፋቸው ሊሆኑ አይገባም፤ ልጅ የተደፈረ ቀን እንኳ ለእናቱ እንዳይናገር የሚያደርጉት እነሱ ናቸው።

ወደ ጭቆና ልመለስ። ቃሉ ቀድሞም የነበረ ነው፤ በየአፉ የገባው ግን በ1960ዎቹ ነው። ተማሪዎች በ1957 «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ «ጨቋኝ»ና «ተጨቋኝ» የሬዲዮና የሰልፍ ቃል ሆኑ። ከዚያ በፊት «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ነበር የሚባለው። ገበሬው ግን የራሱ ቃል ነበረው፤ «ተገፋሁ»፣ «ግፍ ተሠራብኝ» ይል ነበር። ግፍ «ገፍዐ» ከሚለው የግእዝ ግስ የመጣ ነው። «ድንበር ገፋ» ስንል ደግሞ ግፉ በመሬት ላይ ይታያል። ዛሬም በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ማሳቸው ለቤትና ለፋብሪካ የተወሰደባቸው አዛውንቶች «ተጨቆንን» ከማለት «ተገፋን» ማለት ይቀናቸዋል። ለእኔ ይህ ቃል ከባድ ነው። ሰውየው ከነበረበት ቦታ መነሣቱን ይናገራል።

ስለ አማርኛ የምጽፍ ሰው ነኝና ይህንንም ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በዚሁ በከተማው ዙሪያ አማርኛ የማይችል የኦሮሞ ገበሬ ችሎት ፊት የሚከራከረው በአስተርጓሚ ነበር። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት የመንግሥቱ ቋንቋ አማርኛ ነው አለ፤ ኦሮምኛ በትምህርት ቤትም በፍርድ ቤትም ቦታ አልነበረውም። በ1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እየሰፋ ሄዶ 15 ቋንቋዎችን ተጠቀመ። ከዚያ በፊት ለሆነው «ቋንቋው ታፈነ፣ ተናጋሪው ተጨቆነ» ብዬ እጽፋለሁ። ሁለቱን ግሶች ማለዋወጥ አይቻልም። ቋንቋ አፍ ይዘጋበታል፤ የሚጨቆነው ግን ሰው ነው።

አፈና እስከ ለቅሶ ድረስ የሄደበት ዘመንም አለ። በ1969 እና በ1970፣ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ ልጃቸው የተገደለባቸው ብዙ ቤተሰቦች እንዳያለቅሱ ተከልክለዋል። ደረት መምታት፣ ለቅሶ መቀመጥ፣ ጥቁር መልበስ ያስጠረጥር ነበር። አማርኛ ለዚህ «እርሟን አላወጣችም» የሚል አነጋገር አለው። እርም ያልወጣለት ሐዘን አያልቅም። እነዚያ እናቶች እንባቸውን «ጨቆኑ» የሚል ካለ በጣም ይበድላቸዋል። እንዳያለቅሱ የከለከላቸው አካል ነበረ።

ጠያቂያችን ለሌላ ወረቀት ደግሞ ቢጠነቀቁለት የምፈልገው አንድ የአጻጻፍ ነገር አለ። «መጨቆን» የሚለው ቃል በጽሑፍ ሁለት ትርጉም አለው። «ጨ» ላልታ ስትነበብ ሌላውን መጨቆን ነው፤ ጠብቃ ስትነበብ በሌላው መጨቆን ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። ስለዚህ «መጨቆን ይብቃ» የሚል ርዕስ ለጨቋኙ ይሁን ለተጨቋኙ የተነገረ አይለይም። ከተቻለ «ሚስትህን አትጨቁን» ብሎ በቀጥታ መጻፍ ይሻላል። «መሰወር»ም እንዲሁ ነው፤ ሰውየው ራሱ ተሰወረ ወይስ ሰው ሰወረው? «አስገድዶ» የሚለው ቃል ሲቀድመው ብቻ ነው ግልጽ የሚሆነው። «ታፈነ» ብለው ሲጽፉም ማን እንዳፈነው የሚያውቁ ከሆነ ስሙን ያስገቡ። የማያውቁ ከሆነ «ማንነታቸው ያልታወቀ ሰዎች አፍነው ወሰዱት» ይበሉ። አንድ መስመር ይረዝማል፣ ግን ግሱ ባለቤት ያገኛል።