ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ የገዛ አንጎሏ ካንሰሩን ይረዳዋል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። እናቴ የጡት ካንሰር ታክማ ድና ነበር፤ አሁን ወደ ጭንቅላቷ ተሰራጭቷል ተባልን። ሐኪሟ «የአንጎል ደጋፊ ሴሎችም ያግዙታል» አለኝ። የገዛ አካሏ እንዴት ጠላቷን ያግዛል? ጎረቤቶቼ ደግሞ ዴክሳሜታዞኑ ያሳብጣታል፣ አስቁሚው ይሉኛል። (ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን)

መልስ፦ ፈጣሪ ይማርልዎት። ሐኪሙ እውነቱን ነው፤ ግን ነገሩ የሚጀምረው በእገዛ አይደለም።

አስትሮሳይት የሚባሉት ኮከብ መሰል ደጋፊ ሴሎች ነርቮችን ይመግባሉ፤ ጫፋቸውን ደም ሥሮች ላይ ለጥፈው ከደም ወደ አንጎል የሚያልፈውን ለመቆጣጠርም ያግዛሉ። በአይጦች ላይ እንደታየው፣ የካንሰር ሴል በደም ተጉዞ አንጎል ሲገባ መጀመሪያ ይዋጉታል፤ አብዛኛው ሰርጎ ገብም ይሞታል። ጣጣው ከሚተርፉት ጥቂቶች ነው። እነዚህ ሰርፒን የተባለ ፕሮቲን እያመነጩ ጥቃቱን ያከሽፋሉ። ቀጥለውም ከአስትሮሳይቱ ጋር ይጣበቁና፣ በጎረቤታሞች ግድግዳ ላይ እንደተከፈተች መስኮት ያለ ጠባብ መተላለፊያ ያበጃሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ የጡትና የሳንባ ካንሰር ሴሎች በዚያች መስኮት የአደጋ ምልክት የሆነ ኬሚካል ያቀብላሉ። አስትሮሳይቱም ወረራ የመጣ መስሎት ኢንተርፌሮንን የመሰሉ የመከላከያ ኬሚካሎች ይረጫል። ካንሰሩ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፦ ያድግበታል፣ ኬሞንም ይቋቋምበታል።

መተላለፊያውን የሚዘጉ መድኃኒቶች በአይጥ ላይ ሠርተዋል፤ ለሰው ግን መደበኛ ሕክምና አልሆኑም። ስለዚህ «አስትሮሳይት የሚያስተካክል» እያለ ቅጠልም ሆነ እንክብል የሚሸጥልዎት ቢመጣ ገንዘብዎን ይያዙ።

ዴክሳሜታዞኑን በጭራሽ በራስዎ አያስቁሙ! ፊታቸው ሊያብጥ ይችላል፣ ጎረቤቶችዎ አልዋሹም። መድኃኒቱ ግን በዕጢው ዙሪያ ያለውን የአንጎል እብጠት ያስታግሳል፤ ድንገት ሲቆም እብጠቱ ይመለሳል፣ መድኃኒቱ ሲወሰድ ሰውነት የራሱን ተመሳሳይ ሆርሞን ማመንጨት አቁሞ ስለሚቆይም ሰው ይዝለፈለፋል። መጠኑን ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይቀንሰዋል። ጠዋት ከቁርስ በኋላ ይውሰዱት፤ ከሰዓት ከተወሰደ እንቅልፍ ይነሳል (ጫት ከተጨመረበትማ ሌሊቱ አይነጋም)። የደም ስኳራቸውንም ያስለኩ።

የሚጥል ነገር ከመጣ፣ ትውከትና ራስ ምታቱ ከበረታ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካላቸው፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው። ለቀጣዩ ቀጠሮ የመጀመሪያውን የጡት ናሙና ውጤት ወረቀት ይያዙና «ሄር-2 ነበረው ወይ?» ብለው ይጠይቁ፤ ሄር-2 በአንዳንድ የጡት ካንሰር ሴሎች ላይ የሚበዛና ዕድገታቸውን የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። ከነበረው፣ አንጎል ውስጥ ገብተው የሚሠሩ እንክብሎች ስላሉ የሕክምናው መንገድ ሊለወጥ ይችላል።