እርሳስ የሌለበት ፔሮቭስካይት ሶላር ሴል፦ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ፔሮቭስካይት ከፀሐይ ብርሃን ኤሌክትሪክ የሚያወጣ የክሪስታል ዓይነት ነው፤ የተለመደው መርዛማ እርሳስ አለበት፣ እኛ ያለእርሳስ ለመሥራት ነው የምንሞክረው። ላብ ውስጥ ከዚህ ነገር ጋር ስታገል ዓመታት አልፈውኛል፤ ያላችሁን ጥያቄ ወርውሩ።

ጥ፦ በእርሳሱ ፋንታ ቆርቆሮ ይገባል ሲሉ የቤት ክዳኑን ነው?

መ፦ ሃሃ፣ አይደለም። የጣሪያው ዚንክ የተቀባ ብረት ነው። ይሄኛው ቲን ነው፣ ለብየዳ የሚቀልጠው። እርሳሱም የመጻፊያው ሳይሆን የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው ነው።

ጥ፦ ብቃቱ፣ ማለትም ከብርሃኑ ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው፣ ስንት ደረሰ?

መ፦ በ2014 ኦክስፎርድና ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲዎች ሲጀምሩት 6 በመቶ አካባቢ ነበር። አሁን 15ን አልፏል። የእርሳሱ ግን ከ26 በላይ ነው።

ጥ፦ ቲን ብርሃን መዋጥ ያቅተዋል ማለት ነው?

መ፦ ኧረ በፍጹም! በዚህስ ከእርሳሱ ይሻላል። ጣጣው ኦክስጅን ነው። ቲን ሁለት ኤሌክትሮን ሰጥቶ መቆም ሲገባው አየር ሲነካው አራቱንም ይለቃል፣ ክሪስታሉ ውስጥ የቲን ቦታ ባዶ ይቀራል፣ ብርሃኑ የፈታው ኤሌክትሮንም ውጪ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። እርጥበት ከተጨመረበት ደግሞ ባሰ፤ ከክሪስታሉ አዮዲን ይወጣል፣ አዮዲኑ ዞሮ የቀረውን ቲን ይበላል። የማይረጋው ለዚህ ነው።

ጥ፦ ቲኑ በአየር እንዳይበላሽ ቲን ፍሎራይድ ጨምሬም ከ4 በመቶ አላልፍ አልኩ። ምን ልጨምር?

መ፦ መጨመሩን ተወውና ዱቄትህን ተመልከት። ክሪስታሉ የሚሠራበት ቲን አዮዳይድ ንጹህ ተብሎ ቢገዛም ገና ሳይከፈት አራቱን ኤሌክትሮን የለቀቀ፣ የተበላሸ ቲን ሊኖርበት ይችላል። እኔ አንድ ወር ሙሉ ጓንት ሳጥኑን (አየር የማይገባበትን የሥራ ሳጥን) ስወቅስ ከርሜ ጥፋተኛው ጠርሙሱ ሆኖ ተገኘ። የቲን ብናኝ ጨምረህ አማስለውና አጣራው፤ የተበላሸውን መልሶ ያስተካክለዋል። ዲኤምኤስኦ ከሆነ ማሟሟያህ ደግሞ አታሙቀው፣ እሱ ራሱ ቲኑን ኦክሳይድ ያደርገዋል፣ እንደ አየሩ ያበላሸዋል። ቮልቴጁ ዝቅ ካለብህ ኤሌክትሮኑን ከክሪስታሉ ተቀብሎ የሚያወጣውን የካርቦን ንብርብር፣ ሲ60ን፣ አይሲቢኤ በሚባለው ዘመዱ ቀይረህ ሞክር፤ የሲ60 የኃይል ደረጃ ለቲን በጣም ዝቅ ያለ ነው።

ጥ፦ በቲን ፋንታ ቢስሙት የሚባለው ሜታልስ? አየር አይፈራም ይባላል።

መ፦ እውነት ነው፣ ከብር ጋር የተሠራው ጠንካራ ነው። ግን ቀዩን ብርሃን ሳይነካው ያሳልፈዋል። ለጣሪያ ብዙ ተስፋ አላደርግበትም።

ጥ፦ አንድ ፓነል ውስጥ ያለው እርሳስ ጥቂት ግራም ብቻ ከሆነ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?

መ፦ ጥሩ ጥያቄ፣ አንዳንዴ እኔም እጠይቀዋለሁ። የሶላር ባትሪው ራሱ እንደ መኪናው ባትሪ ዓይነት ከሆነ በኪሎ የሚቆጠር እርሳስ ይዟል። ልዩነቱ የፔሮቭስካይቱ እርሳስ በውሃ የሚሟሟ መሆኑ ነው፤ መስታወቱ ከተሰበረና ዝናብ ከገባ አፈር ውስጥ ይወርዳል።

ጥ፦ እንግዲያው ለቤቴ ልጠብቅ?

መ፦ አትጠብቂ እህቴ፣ ገበያ ላይ ያለውን የተለመደውን የሲሊከን ፓነል ግዢ።