ለላብራቶሪና ለቢሮ ሰራተኛ የሴፍቲ ስልጠና ስጪ ለተባልሽው እህቴ

እንደተረዳሁት ደብረ ማርቆስ ላብ ቴክኒሻን ሆነሽ በቅርብ ነው የተመደብሽው፣ ለላቡም ለቢሮውም ሰራተኛ በግማሽ ቀን የሴፍቲ ስልጠና ስጪ ተብለሻል፣ በጀት የለም፣ ከኢንተርኔት ያወረድሽው ረጅም ስላይድ አለ እሱን ላቅርብ ወይ ነው ያልሽው። እኔ ባህር ዳር አፈር ላብ ውስጥ ብዙ ዓመት ሰርቻለሁ፣ ስላይዱን ተይው ነው የምልሽ። አዳራሽም አትያዢ፣ ሰዉን ይዘሽ ላቡ ውስጥ ግቢና እቃው አጠገብ ቆማችሁ ተማማሩ፣ አዳራሽ ውስጥ የሰማውን ሰው ሻይ ሰዓት ሳይደርስ ነው የሚረሳው።

ከውሃ ጀምሪ። አይን ውስጥ ኬሚካል ከገባ ቢያንስ 15 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ ይታጠብ ይላል ስላይድሽ፣ ልክ ነው፣ ግን የኛ ቧንቧ ማክሰኞ ይመጣና ሮብ ይጠፋል። የአይን መታጠቢያ ካላችሁ አስቀድመሽ ክፈቺው፣ ዝገት የመሰለ ውሃ ከወጣ እስኪጠራ ልቀቂው፣ ይሄ በየሳምንቱ መደረግ ያለበት ስራ ነው። ከሌላችሁ ደግሞ ሂሳቡን አስቢው፣ መታጠቢያው በደቂቃ ቢያንስ አንድ ሊትር ተኩል ማፍሰስ አለበት ነው የሚባለው፣ ለ15 ደቂቃ ወደ 23 ሊትር ማለት ነው፣ ስለዚህ አንድ ባለ 20 ጀሪካን እንኳን አይበቃም፣ ሁለት ይሁንና ንፁህ ውሃ ሞልተሽ ለሌላ ስራ ማንም እንዳይነካው አድርጊ። ከዛ አንዱን ሰው አይኑን በነጠላ አስረሽ አሲድ ከሚቀዳበት ጠረጴዛ መታጠቢያው ጋ በራሱ እንዲደርስ አድርጊ፣ ወደ 10 ሰከንድ ውስጥ መድረስ አለበት። እኛ ጋ ስንሞክረው ልጁ ሁለት እርምጃ ሳይሄድ መተላለፊያው ላይ የተከመረው የሪኤጀንት ካርቶን ጋ ተጋጨ፣ ያኔ ነው ሁሉም ሰው የገባው፣ ካርቶኑም በዛው ቀን ተነሳ።

ቀጥሎ መብራት። የአፈር ናይትሮጅን የምትሰሩ ከሆነ ኬልዳል ላይ (አፈሩን በአሲድ አፍልቶ ናይትሮጅን የሚለካበት ዘዴ) ያለው ኮንሰንትሬትድ፣ ማለትም ያልቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ ከ300 ዲግሪ በላይ ነው የሚፈላው፣ መብራት ድርግም ሲል የሁዱ (ጭሱን ወደ ውጪ የሚስበው ባለ መስታወት ሳጥን) ፋን ይቆማል አሲዱ ግን ትኩስ እንደሆነ ነው፣ ጭሱ ወደ ክፍሉ መውጣት ይጀምራል። ሰዉ ምን ያደርጋል? ስልኩን አብርቶ ቆሞ ይጠብቃል። የሁዱን መስታወት ዝቅ ማድረግ፣ መብራቱ ሲመለስ ማንም በሌለበት እንዳይነሳ ማሞቂያውን ማጥፋት፣ ከክፍሉ መውጣት፣ ይሄንን በቃል ሳይሆን አንድ ጊዜ በእጃቸው አስደርጊያቸው። አሲድ ወደ ውሃ እንጂ ውሃ ወደ አሲድ አይጨመርም የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል፣ ብዙ አትቆዪበት። በስሱ የህክምና ጓንት ኮንሰንትሬትድ አሲድ የሚቀዳ ካለ ግን አስቁሚው።

ኬሚካል በሃይላንድ መቅዳት የሚባለውን ነገር በቁም ነገር ያዢው። ኢታኖል በሃይላንድ ተቀድቶ ያለ ፅሁፍ ከተቀመጠ ለአንዱ ውሃ ነው ለሌላው አረቄ ነው፣ እኛ አገር ደግሞ አረቄ በሃይላንድ መያዝ የተለመደ ነው። በስልጠናው ቀን ያለ ፅሁፍ የተገኘ ጠርሙስ ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ይሰብሰብና ባለቤቱ ይጠየቅ።

ከሁሉም በላይ ደግሞ እባክሽ ፅዳቶቹን አትርሺ። ስልጠና ሲባል ሁሌም የሚጠራው ዲግሪ ያለው ነው፣ ወለሉን የሚነካው፣ ቆሻሻውን የሚያወጣው፣ የተሰበረ ብርጭቆ የሚለቅመው ግን እነሱ ናቸው። አንዲት እናት ሽንት ቤት ልታፀዳ በረኪና ካፈሰሰች በኋላ የሽንት ቤት አሲዱን ደርባበት እያሳላት ወጥታ ኮሪደር ላይ ቁጭ ስትል አይቻለሁ፣ ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ እንደሚወጣ ማንም ነግሯት አያውቅም። ጠርሙሱ ላይ ያለው እንግሊዝኛ ለነሱ ምንም አይደለም፣ ስለዚህ በቀይ ዳር የተከበበውን ምልክት እያሳየሽ ይሄ ያቃጥላል፣ ይሄ ይመርዛል፣ ይሄ እሳት ይይዛል ብለሽ በአማርኛ ንገሪያቸው፣ ጊዜ ስጪያቸው። ጥበቃዎቹንም ጨምሪ፣ ሌሊት እሳት ቢነሳ ብሬከሩ የት እንዳለ ማወቅ ያለባቸው እነሱ ናቸው።

ቢሮው ብዙ አይፈጅም። አንድ ኤክስቴንሽን ላይ ምድጃም ፕሪንተርም መሰካት ይቅር፣ ብርዱን ፈርቶ መስኮት ዘግቶ በከሰል ቡና ማፍላትም ይቅር፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። የዱቄት እሳት ማጥፊያ መለኪያው አረንጓዴው ላይ መሆኑን ይዩ፣ የካርቦን ዳይኦክሳይዱ መለኪያ የለውም፣ በሚዛን ነው የሚታወቀው።

ኃላፊሽ ይሄ ሁሉ ለምን ካለሽ የሼሪ ሳንግጂን ታሪክ ንገሪው። የ23 ዓመት ልጅ ነበረች፣ በ2008 እ.ኤ.አ መጨረሻ ሎስ አንጀለስ ዩሲኤልኤ የሚባለው ዩኒቨርሲቲ ላብ ውስጥ አየር ሲነካው የሚቀጣጠል ኬሚካል በሲሪንጅ ስትቀዳ ፈሰሰባት፣ ጋውን አልለበሰችም ነበር፣ ሹራቧ ተቀጣጠለና ከሁለት ሳምንት ተኩል በኋላ አረፈች። የመንግስት መርማሪዎች ከፃፉባቸው ጥፋቶች አንዱ ስልጠና አለመሰጠቱ ነው፣ የላቡ ኃላፊ የነበሩት ፕሮፌሰርም በወንጀል ተከሰሱ። ስለዚህ የተገኘውን ሰው ሁሉ ከነቀኑ አስፈርሚ፣ ፅዳቶቹንም። ዞራችሁ ስታዩ የጎደለውን መነፅር፣ ወፍራም ጓንት፣ ምናምን ለኃላፊው በደብዳቤ ፃፊ፣ ለግዢ ክፍልም ግልባጭ አድርጊ፣ በቃል ከጠየቅሽ ዓመቱ ያልቃል፣ እኛም መነፅር ያገኘነው በደብዳቤ ነው። ጀሪካኖቹን ግን ደብዳቤ አትጠብቂባቸው፣ ከስልጠናው በፊት ሞልተው ይቀመጡ።