ዶሮው አንገቱ ተቆርጦ ለምን ጮኸ?
አንገቱ ተቆርጦ እንዴት ጮኸ ላልሽው፣ የዶሮ ድምፅ የሚወጣው ከጭንቅላቱ ስላልሆነ ነው። የኛ ድምፅ ከማንቁርት ነው፣ የአየር ቧንቧው አናት ላይ ማለት ነው፣ ወፎች ግን ሲሪንክስ የሚባል የድምፅ አካል አላቸው፣ ቧንቧው ለሁለት ተከፍሎ ወደ ሳንባ የሚገባበት ጋ፣ ደረት ውስጥ። ቢላው እዛ አይደርስም። ሲንፈራገጥ የቀረው አየር በዛ ሲያልፍ ስስ ሽፋኖቹ ይርገበገቡና ድምፅ ይወጣል፣ አክስቴ እንደምትለው ሰይጣን አይደለም 😄

እንደ ፈረንጅ በ1945 ኮሎራዶ ውስጥ ማይክ የተባለ አውራ ዶሮ አብዛኛው ጭንቅላቱ ተቆርጦ 18 ወር ኖሯል፣ ሊጮህ ሲሞክር ጉርጉር የሚል ድምፅ ብቻ ነበር የሚወጣው።

ብቻ ክንፉንና እግሩን አጥብቀሽ ያዢ፣ እኔ ሲጮህ ደንግጬ ለቅቄው የበዓል ዋዜማ ግድግዳ ሳጥብ አመሸሁ።