ላስቲኩን ማን ነካው? ስለ ዘንግ ምርጫ ከጣና ዳር የመጡ ጥያቄዎች

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ በለስላሳ ላስቲክ ስለ ማጥመድ ናቸው። ላስቲክ ስል የትል ወይም የትንሽ ዓሣ ቅርጽ ያለውን፣ ውሃ ውስጥ ጭራው የሚርገበገበውን ማታለያ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ በመንጠቆ የሚያጠምድ ወጣት እየበዛ በመምጣቱ ደስ ብሎኛል። እንግዲህ እንጀምር።

«ወንድሜ ለጥምቀት ከአሜሪካ ይመጣል። የባስ ማጥመጃ ባዶ ዘንግ ላምጣልህ፣ ክሩ የሚያልፍበትን ቀለበትና እጀታውን ራስህ ትገጥመዋለህ አለኝ። ባስ ጣና ውስጥ አለ እንዴ? ምን ዓይነቱን ልዘዘው?» (ከሽምብጥ)

ባስ ጣና ውስጥ የለም፤ የሰሜን አሜሪካ ዓሣ ነው። ግን ወንድምህ ጥሩ ነገር አስቦልሃል። ባስን በላስቲክ ለመያዝ የተሠራ ዘንግ ለኛ ነጭ ዓሣም ይሆናል።

ከጣና ነጭ ዓሣ ዝርያዎች ስምንት ያህሉ ሌላ ዓሣ አሳደው የሚበሉ ናቸው። ነጭ ዓሣ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ጥርሱ ያለው ጉሮሮው ውስጥ ነው። ስለዚህ ላስቲኩን ነክሶ አይዝም። ከውሃው ጋር ስቦ ያስገባዋል፣ ካልጣመው ወዲያው ይተፋዋል። ይህ ሁሉ እጅህ ላይ የሚደርሰው አንዲት ትንሽ «ጠቅ» ሆኖ ነው። ዘንግህ ያቺን ካልነገረህ ዓሣው መጥቶ መሄዱን እንኳ አታውቅም።

ባዶው ዘንግ ላይ ሁለት ነገር ተጽፎ ታገኛለህ። ፓወር የሚባለው ጉልበቱ ነው፤ ለማጉበጥ ምን ያህል ኃይል እንደሚፈልግ ይነግርሃል። አክሽን ደግሞ ከየት ጀምሮ እንደሚጎብጥ ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል። ፋስት ከተባለ ጫፉ አካባቢ ብቻ ይጎብጣል፤ ስሎው ከተባለ እስከ እጀታው ድረስ ይለመጣል። ለላስቲክ ፓወሩ ሚዲየም፣ አክሽኑ ፋስት ይሁን። እንቦጭና ደንገል ባለበት ስታጠምድ የመንጠቆውን ጫፍ ላስቲኩ ውስጥ መቅበርህ አይቀርም። ዓሣው ሲይዝ መንጠቆው መጀመሪያ ላስቲኩን በስቶ ነው ከንፈሩ ላይ የሚሰካው። እስከ እጀታው የሚለመጥ ዘንግ ያንን ኃይል ራሱ ይበላዋል።

ለወንድምህ እንዲህ ብለህ ጻፍለት፦ ርዝመቱ 7 ጫማ፣ ማለትም 2 ሜትር ከ13 ሳንቲም፤ የሚወረውረው ክብደት ከ3.5 እስከ 14 ግራም፣ እነሱ ከአንድ ስምንተኛ እስከ ግማሽ አውንስ የሚሉት፤ ክሩ ከ8 እስከ 14 ፓውንድ የሚሸከም። ለሁለት የሚከፈል ይሁን። አንድ ወጥ ዘንግ ለአውሮፕላንም ለባጃጅም መከራ ነው።

«ካርቦን ወይስ ፋይበርግላስ? ሻጩ ሞዱለሱ ከፍ ያለ ነው ብሎ ዋጋ ቆለለብኝ።»

ሞዱለስ የካርቦኑ ግትርነት መለኪያ ነው። ከፍ ሲል ያንኑ ግትርነት በትንሽ ካርቦን ማግኘት ይቻላል። ዘንጉ ይቀላል፣ ስሜት በደንብ ያስተላልፋል። ግን ግድግዳው ይሳሳል፣ ምት አይችልም። እኔ በጣም ውዱን ገዝቼ አንድ ቀን በጀልባ ስንወጣ ከብረቱ ጠርዝ ጋር አጋጨሁት። ባየው ባየው ጭረት እንኳ የለም። ከሦስት ሳምንት በኋላ መካከለኛ አምባዛ ስስብ «ቋ» ብሎ ለሁለት ሆነ። ስብራቱ የተጋጨበት ቦታ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ መካከለኛ ሞዱለስ ያለው ካርቦን ነው የምይዘው፤ ለናንተም የምመክረው እሱን ነው። ፋይበርግላስ ከባድና ደንዘዝ ያለ ቢሆንም ቶሎ አይሰበርም። ሥጋ ሰክቶ አምባዛ ለሚጠብቅ ሰው ግሩም ነው።

ሱቅ ውስጥ ይህን ሞክሩ። የዘንጉን ጫፍ ጓደኛችሁ ጉሮሮው ላይ ቀስ አድርጎ ያስነካና ያውራ። እናንተ እጀታውን ያዙ። የድምፁ ንዝረት መዳፋችሁ ላይ ጥርት ብሎ ከመጣ ያ ዘንግ የዓሣውንም ጠቅታ ይነግራችኋል።

«ቀለበት ከመግጠሜ በፊት የዘንጉን ጀርባ ፈልግ አሉኝ። እንዴት?»

ጀርባ የሚሉት ዘንጉ ይበልጥ ግትር የሆነበትን ጎን ነው። ወፍራሙን ጫፍ ለስላሳ ወለል ላይ አቁመው፣ ቀጭኑን ጫፍ በአንድ መዳፍህ ደግፈው። በሌላው እጅህ መሀሉን ተጭነህ አጉብጠውና አንከባለው። ዘንጉ እንቢ ብሎ ዘለል ይልና በራሱ አንድ አቅጣጫ ይዞ ይቀመጣል። እዚያ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርግና ቀለበቶቹን በዚያው መስመር አሰልፍ። ከሁሉም በላይ ግን ዘንጉ ቀጥ ብሎ መታየት አለበት።

«እኔ ያደግሁት በቀርከሃ ነው። ላስቲክ በቀርከሃ አይሆንም?» (ከዘጌ፣ አንድ አባት)

ይሆናል አባቴ። የእንጅባራ ቀርከሃ ጥላ ውስጥ በደንብ ከደረቀ ጠንካራ ነው። ብቻ ከባድ ስለሆነ ትንሿን ጠቅታ ይውጣታል። ስለዚህ ክሩን በሁለት ጣትዎ ቆንጠጥ አድርገው ይያዙ፤ ስሜቱን ከዘንጉ ሳይሆን ከክሩ ያገኙታል። ላስቲኩንም ከ5 ሳንቲም የማይበልጥ ያድርጉት።

«ዝናብ ሲመጣ ዓሣው ይበላል ይባላል። ካርቦን ዘንግ ይዤ ብቆይ ችግር አለው?»

አለው፣ ትልቅ ችግር። ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የጣና ነጎድጓድ ደግሞ ሳይታሰብ ነው የሚመጣው። የመጀመሪያውን ጉርምርምታ ስትሰማ ዘንጉን አስተኛና ከውሃው ራቅ። ፋይበርግላስ ብትይዝም እንዲሁ አድርግ። በኤሌክትሪክ ሽቦ ሥር ስታልፍም ዘንጉን ዝቅ አድርገህ ያዝ።

«ነሐሴ ላይ ጉማራ ወንዝ አፍ ላይ ነጭ ዓሣ ሞልቷል አሉኝ። በላስቲክ ልሞክር?»

እባክህ ተው። እዚያ የሚሰበሰበው ሊበላ ሳይሆን ሊራባ ነው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ብዙዎቹ ነጭ ዓሣዎች ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ድርማ ወጥተው እንቁላላቸውን ጠጠር ላይ ይጥላሉ። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ሐይቁን ከታችኛው ዓባይ ስለለየው እነዚህ ዝርያዎች እዚሁ ተፈጥረው እዚሁ ቀርተዋል፤ አብዛኞቹ በዓለም ሌላ ቦታ የሉም። ወንዝ አፍ ላይ የተዘረጋ መረብ ምን እንዳደረጋቸው የጣና አሮጌ አጥማጆችን ጠይቅ። አንዲት እንቁላል ያዘለች እናት በመንጠቆ ማውጣት ለእኔ ከባድ ነው። ኅዳር ላይ ከወንዞቹ ራቅ ብለህ ድንጋያማ ዳርቻ ላይ ሞክር። የተቀደደውን ላስቲክም ውሃው ውስጥ አትጣለው፤ አይበሰብስም፣ ዓሣ ሆድ ውስጥ ይገባል። ኪስህ ውስጥ ክተተው።

«ቀረሶ በላስቲክ እምቢ አለኝ። ዘንጌ ነው ችግሩ?» (አንዲት ጀማሪ)

ዘንግሽ ምንም አልሆነም። ቀረሶ በዋናነት የሚመገበው ውሃ ውስጥ የሚበቅለውን አረንጓዴ ነገር ነው፤ ላስቲክ ዓሣ አያሳድድም። ትንሽ መንጠቆ ላይ የሊጥ ኳስ ወይም ትል ሰክተሽ ሞክሪ። ላስቲኩን ለነጭ ዓሣ አስቀምጪው።