ዳር ላይ የቆሙት ደብዳቤዎች

ውድ ልጆቼ፣

ማሽን ለርኒንግ፣ ማለትም ኮምፒውተርን በምሳሌ ማስተማር፣ የጀመራችሁ ልጆች የምትጠይቁኝ ነገር ብዙ ጊዜ አንድ ነው። «ጋሼ፣ በቀጥታ ዲፕ ለርኒንግ ብንገባስ?» በብዙ ንብርብር የሚማረውን ዘዴ ማለታችሁ ነው። ግቡ፣ ማንም አይከለክላችሁም። እኔን ብትሰሙኝ ግን መጀመሪያ አንድ ሳምንት ለሰፖርት ቬክተር ማሽን ስጡ። ባጭሩ ኤስቪኤም ይሉታል። ለምን እንደምል ልንገራችሁ። ትንሽ ይረዝማል፤ ዕድሜ ወሬ ያበዛል።

ሥራው ዳታን በሁለት ወገን መለየት ነው። ሁለት መንደር አስቡ፤ እያንዳንዱ ቤት አንድ ዳታ ነው። መሃላቸው ባዶ ሜዳ አለ። በዚያ ሜዳ ላይ መንገድ ይውጣ ተባለ። በስንት በኩል ማውጣት ይቻላል? በብዙ። አንዱ መንገድ የላይኛውን መንደር አጥር ታክኮ ሊያልፍ ይችላል። ዛሬ ችግር የለውም። ነገ ግን የላይኛው መንደር ልጅ ትንሽ ወጣ ብሎ ጎጆ ቢቀልስ ከመንገዱ ማዶ ይውልና የታችኛው መንደር ሰው ተብሎ ይቆጠራል። ኤስቪኤም የሚለው ይህን ነው፦ ማንንም ቤት ሳይነካ ሊወጣ ከሚችለው መንገድ ሁሉ ሰፊውን ምረጥ። የመንገዱ አካፋይ መስመር ድንበሩ ነው። በግራና በቀኝ የቀረውን ስፋት ማርጅን ይሉታል።

አሁን ልብ በሉ። መንገዱ ከዚህ በላይ እንዳይሰፋ ያደረጉት የትኞቹ ቤቶች ናቸው? ጠርዙን የነኩት ሦስት አራቱ ብቻ። ከኋላ ያለው ሰፈር ቢፈርስ፣ ወይም መቶ ቤት ቢጨመርበት፣ መንገዱ ንቅንቅ አይልም። ጠርዝ ላይ ያሉት ናቸው ሰፖርት ቬክተር የሚባሉት። መንገዱን ደግፈው ስለያዙት ነው። እኔ በዚህ ሥራ ውስጥ ካየኋቸው ሐሳቦች ሁሉ ይህን የሚያህል ያስደነቀኝ የለም።

እውነተኛ ዳታ ግን ንጹሕ ሜዳ አይሰጣችሁም። አንድ ቤት አፈንግጦ መሃል ሜዳ ላይ ቁጭ ይላል። ለእሱ ሲባል መንገዱን በሙሉ ማጥበብ ሞኝነት ነው። ይነካ፣ ካሳ ይከፈል። ፕሮግራሙ ውስጥ «ሲ» የምትባለው ቁጥር የካሳው ዋጋ ናት። ካሳው ውድ ሲሆን መንገዱ ቤት ላለመንካት ይጠባል። ርካሽ ሲሆን ይሰፋል፣ ጥቂት ቤትም ይበላል። አዲስ አበባ ለምትኖሩት ይህን ብዙ ማብራራት ያለብኝ አይመስለኝም።

አንዳንዴ ደግሞ ቀጥ ያለ መስመር ከነአካቴው አይሠራም። ወይና ደጋን ውሰዱ። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ገደማ ነው እንበል። ከታች ቆላ፣ ከላይ ደጋ። ቦታዎችን በከፍታቸው አንድ ገመድ ላይ ብትደረድሩ፣ ወይና ደጋውን ከሌላው በአንድ ቁራጭ መለየት አትችሉም። መሃል ነዋ! አሁን እያንዳንዱ ቦታ ከ1,900 ሜትር ምን ያህል እንደሚርቅ አስሉና በራሱ አባዙት። 1,000 ሜትር ላይ ያለው ቆላ 810,000 ይሆናል። 2,800 ላይ ያለው ደጋም 810,000። 2,000 ላይ ያለው ወይና ደጋ ግን 10,000 ብቻ። 160,000 ላይ አንድ መስመር ብታሰምሩ ነገሩ አለቀ።

የከርነል ዘዴ የሚሉት የዚህ ታላቅ ወንድም ነው። ነጥቦቹን፣ ማለትም እያንዳንዱን ዳታ፣ ብዙ አቅጣጫ ወዳለው ሌላ ዓለም መውሰድ ያስፈልጋል፤ ግን በአካል አይወስዳቸውም። ሁለት ነጥቦች እዚያ ቢሄዱ ኖሮ ምን ያህል ይመሳሰሉ ነበር የሚለውን ብቻ እዚሁ ሆኖ ያሰላል። ድንበሩን ለማግኘት ከዚያ ሌላ የሚያስፈልገው ነገር የለም። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ስረዳ ማጭበርበር መስሎኝ ነበር።

ሐሳቡ ትናንት የመጣ አይደለም። ቭላድሚር ቫፕኒክና አሌክሲ ቼርቮኔንኪስ ሰፊውን ድንበር ሞስኮ ላይ ያሰቡት በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ቫፕኒክ አሜሪካ ገብቶ ኒው ጀርሲ ውስጥ ቤል ላብስ የሚባል የምርምር ተቋም መሥራት ከጀመረ በኋላ፣ በ1992 ከቦዘርና ከኢዛቤል ጊዮን ጋር ከርነሉን ጨመሩበት። በ1995 ደግሞ ከኮሪና ኮርቴስ ጋር የካሳውን ነገር አሳተሙ። ሠላሳ ዓመት የጠበቀ ሐሳብ ነው። ከሞከሩባቸው ነገሮች አንዱ ፖስታ ላይ በእጅ የተጻፉ ቁጥሮች ነበሩ፤ ማሠልጠኛው ወደ 7,300 ምስል፣ እያንዳንዱ 16 በ16 ነጥብ። ቀጥታ መስመር 12 በመቶ ይሳሳት ነበር። እንደ ከፍታው ምሳሌ ቁጥሮችን ሁለት ሁለት እያደረገ የሚያባዛ ከርነል ሲጠቀሙ ስሕተቱ ወደ 4.7 በመቶ ወረደ። አንዱን ቁጥር ከሌሎቹ የሚለየውን ድንበር ደግፈው የያዙት ምስሎች ደግሞ በአማካይ 127 ብቻ ነበሩ። ከ7,300 ውስጥ!

ለጀማሪ አንድ ሁለት ነገር ልበልና ወደ ራሴ ታሪክ ልሂድ። ቁጥሮቻችሁን ወደ ተቀራራቢ መጠን ሳታመጣጥኑ አታሠልጥኑ። ከፍታ በሺህ፣ ሙቀት በአሥር ከተቆጠረ ሜትሩ ዲግሪውን ይውጠዋል። ማመጣጠኛውንም ከማሠልጠኛው ዳታ ብቻ አውጡት እንጂ ለመፈተኛ ያስቀመጣችሁትን አትንኩ። «ሲ»ን በአሥር እያበዛችሁ ሞክሩ፤ 0.01፣ 0.1፣ 1 እያላችሁ። ዳታው ብዙ መቶ ሺህ ከሆነ በከርነል ስታሠለጥኑ ኮምፒውተሩን ሥራ አስጀምራችሁት ቡና አፍሉ፣ ሦስተኛውንም ጠጡ፣ ላያልቅ ይችላል። ለጥቂት ሺህ ዳታ ግን እስካሁን ደስ ብሎኝ የምጠቀምበት ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ። ከዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት የአቤቱታ ደብዳቤዎችን አስቸኳይና መደበኛ ብሎ የሚለይ ፕሮግራም እንድሠራ ጠየቀኝ። ደብዳቤዎቹን ቁጭ ብዬ ራሴ ለየሁ። አሠለጠንኩ። 94 በመቶ ትክክል! ስብሰባ ላይ አቀረብኩ፣ ተጨበጨበልኝ። መጨረሻ ላይ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ እጃቸውን አወጡ። ጡረታ የደረሱ ሴት ናቸው። «ልጄ፣ ከአስቸኳዮቹ ውስጥ ስንቱን ያዘልህ?» አሉኝ። አልቆጠርኩም ነበር። ስቆጥር አስቸኳዮቹ ከመቶ ስድስት ናቸው። ፕሮግራሜ ሁሉንም ማለት ይቻላል «መደበኛ» እያለ ነበር 94 ያመጣው።

አፍሬ ተመለስኩ። ለአስቸኳዩ ካሳውን ከፍ አደረግሁ፤ ትንሽ ተሻለ። ከዚያ የቃላቱን ዝርዝር አየሁ። «ኃላፊ»፣ «ሀላፊ»፣ «ሃላፊ» ሦስት የተለያዩ ቃላት ሆነው ተቆጥረዋል። «ዓመት»ና «አመት»ም እንደዚያው። ለእኛ አንድ ነው፣ ለማሽኑ ባዕድ ለባዕድ። ሞክሼ ፊደላቱን ወደ አንድ አመጣኋቸው፤ አሁንም ተሻለ።

ግን ያ ሁሉ ተደርጎ የሚቀር ነገር ነበር። በመጨረሻ ሰፖርት ቬክተሮቹን፣ ማለትም ዳር ላይ የቆሙትንና ድንበሩን ጥሰው የገቡትን ደብዳቤዎች አሳተምኩና መዝገብ ቤት ይዤ ወረድኩ። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ አነበቡ። አንዷን ደብዳቤ ለብቻ አወጡ። ሌላ ጨመሩ። ሌላም። ክምሩ እጄን የሚያህል ሲሆን ቀና ብለው አዩኝ።

«እነዚህን ሁሉ መደበኛ ያላቸው ማን ነው?» አሉ።

እኔ ነበርኩ።